ጥቅል ጨው

ኢፍቱ ከትምህርት ቤት ሥዕል ይዛ መጣች፣
ሰማያዊ ቀለም እስኪያልቅ የቀባች።
«ምንድን ነው?» ብላት «ባሕር ነዋ!» አለች፤
«አባ፣ አይተኸዋል?» ብላ አፋጠጠች።

እኔ የሂርማታ ልብስ ሰፊ፣
የማውቀው ሰማያዊ ፖፕሊን ነው፣ ያውም ትራፊ፤
በሜትር የሚለካ፣ በመቀስ የሚያልቅ፣
ጠርዙን ዘምዝሜው ከክንድ የማይርቅ።

ጅማ ባሕር የላት፤ ዝናብ ግን ሞልቷታል፣
ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያድራል።
ቦዬ እንዳልወስዳት፣ ታውቀዋለች ቦዬን፣
«ጉማሬ ነው ያለው፤ ማዶው ይታያል» ብላ ዘጋችው አፌን።

በጥር እቁብ ወጣልኝ።
ነጂሃ ቀና ብላ የሚያፈሰውን ጣራ አየች፣
እኔም አየሁ፤ መልሳ እኔን አየች።
«ጣራው ይቆይ» አለች።
ሁለት ቀን። ባሕር ባይገኝ፣ ውሃ ያለበት ዱር።
ብሩን በመሀረብ ቋጠርን፣ ለቤንዚን፣ ለእህል፣ ለአዳር።

የአወል ቶዮታ ከዴዶ ቁልቁል፣
ግማሹን በፍሬን፣ ግማሹን በዱአ ሲንከባለል፣
ጎጀብን ተሻገርን፤ ሙቀቱ ከታች ተቀበለን፣
ከጭዳ ወዲያ አቧራ አለበሰን።
«ጨበራ ጩርጩራ» ብሎ አወል የፓርኩን ስም ሲጠራ፣
ልጄ መንገዱን ጨረሰችው፣ «ጩርጩራ፣ ጩርጩራ!»

አዳራችን ከዱሩ አፋፍ፣ ከወይዘሮ ዳሚቴ ደጅ፣
ራታችን ቆጮ በአይብ፣ ዳጣው የሚፋጅ፣
ማሩ ከነሰፈፉ። ነጂሃ ጣቷን ልሳ
ጠየቀች፣ ንቡ ምን ቀስሞ እንደሆነ።
«እኔንጃ» አለች ሴትዮዋ፣ «ሳይነግረኝ ነው የሚሄድ።»
ጠዋት የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቀለለችልን፣
ጨውን ለብቻው፣ በደብተር ወረቀት።

ስካውቱ መስቀሌ ጠመንጃውን እንደ ጃንጥላ አንግቶ፣
«ቀስ በሉ» አለን ዞር ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣
«የዝሆን ጆሮ ሰፊ ነው፤ ሐሜት ይሰማል።»
ሐይቁ ከዛፎቹ መሃል ድንገት ብልጭ ይላል።

ማዶ ዳሩ ላይ ቆመዋል፣ አምስት ወይ ስድስት።
ልብስ ሰፊ ምን ያያል? እኔ ያየሁት
ሳይተኮስ የተለበሰ ካኪ፣ ጉልበቱ የተሸበሸበ፤
ከዚያ ካኪው ጆሮውን አራገበ።
ነጂሃ እጄን ያዘችኝ።
ከሠርጋችን ወዲህ በሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም።

ኢፍቱ ግን ዝሆኑን ትታ ወደ ውሃው ሄዳለች፤
ጣቷን ነክራ ቀመሰች።
«ጨው ጨው አይልም» አለች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።
«መምህሬ ነግራናለች፣ ባሕር ጨው ነው።»
ምን ልበላት? ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ አቧራ፣
የጣራችንን ገንዘብ!
የኮባውን ጥቅል ፈታች፣ ወረቀቱን አወጣች፣
እፍኝ የማይሞላውን ጨው ሐይቁ ላይ በተነች፣
እጇን አራገፈች።

መስቀሌ አፉን ከፈተ፤ እዚያ መጣል ክልክል ነው።
አፉን ዘጋ።
«ጠብቂው እንግዲህ» አላት፣ «እስኪሟሟ።»

ጎደሬውን አልጫውን በላነው፣ ከባሕሩ ዳር ተቀምጠን።
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይላሉ፤
ያኛው ለራሱ አልጣፈጠም፣ ለእሷ ሲል ጠፋ።
እንደዚያ የጣመኝ እህል የለም።
ወይም ርቦኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው እንደፈራነው አፈሰሰ፤
ነጂሃ ባልዲ ደቀነች፣ እኔ ሲንጀሬን ወደ ጥግ ገፋሁ፣
ጠብ፣ ጠብ፣ ሌሊቱን ሙሉ።
ሲነጋ ባልዲው ሞልቷል። ኢፍቱ ጣቷን ነከረች፤
«ገና ነው» አለችና
ወደ ጓዳ ገባች፣ ጨው ፍለጋ።